ጥፋቱን በልጆች ላይ አንለጥፍ
(ስለ ትምህርት ቤታችን ውጤት ለተሰራጨው ወረቀት የተሰጠ መልስ)



ባለፈው የማኅበሩ ስብሰባ ማብቂያ ላይ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ እዚያው ፈርማችሁበታል፤ አንዳንዶቻችሁም «እስቲ ላስብበት» ብላችሁ ይዛችሁት ወደ ቤት ገብታችኋል። እኔ ካልፈረሙት ወገን ነኝ። ለምን እንዳልፈረምኩ በዚያው ለመናገር እጄን ባወጣም ሰዓቱ መሽቷል ተብሎ ስለ ታለፍኩ፣ ይኸው በዚህ ሰሌዳ ላይ ሐሳቤን ለመግለጽ ተገድጃለሁ።

የወረቀቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ውጤት አላምር ብሏል፤ ምክንያቱ ደግሞ «ከየትም የመጡ ልጆች» ስለ በዙበት ነው፤ ስለዚህ ማኅበሩ ለወረዳው አቤት ብሎ፣ አንደኛ፣ በምዝገባ ጊዜ የቤት ባለቤትነት ማስረጃ ላላቸው ወላጆች ልጆች ቅድሚያ እንዲሰጥ፤ ሁለተኛ፣ «መሠረት የሌላቸው» የተባሉት ለብቻቸው በተለየ ክፍልና በተለየ ፈረቃ እንዲማሩ ያስደርግ ይላል። የፊታችን እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ለድምፅ ይቀርባል ተብሏል።

የወረቀቱን አዘጋጆች በክፉ አላያቸውም። ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በለቅሶም በሠርግም አብረን ነን። የልጅ ነገር ሆኖባቸው ነው። ዳሩ ግን ደግ ልብ ያለው ሰውም የተሳሳተ ሒሳብ ሊያሰላ ይችላል። እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ላይ አቀርቅሬ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ፣ ድምሩ የማይገጥም ሒሳብ ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

እስቲ ከውጤቱ እንነሣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267፣ ማለትም 3.2 ከመቶ። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ ማለትም 5.4 ከመቶ። በ2017 ዓ.ም. ትንሽ ከፍ ብሎ 8.4 ከመቶ ሆነ። ይህ የአገሪቱ ውጤት ነው። በ2015 ዓ.ም. ብቻ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የውጤት መውረድ ምክንያቱ የእኛ ሰፈር ተከራይና ቀን ሠራተኛ ልጆች ከሆኑ፣ በእነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች ውስጥ እነዚህን ልጆች ማን ወስዶ አስመዘገባቸው? ከገጠር እስከ ከተማ፣ መጤ የሚባል ሰው ደርሶበት በማያውቅ ወረዳ ሳይቀር የወደቀው ውጤት፣ እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ የጎረቤት ልጅ ጥፋት ይሆናል? አገር ሙሉ የያዘውን ጉንፋን ከእገሌ ቤት ተነሣ ማለት ነው እኮ!

«በፊት ግን እንዲህ አልነበረም» ይላል ወረቀቱ። አዎ፣ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ግን አይናገርም። ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል።

አንደኛው፣ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚባል ወንፊት ነበር። ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር፤ ወይም ቤቱ ይቀራል። ወደ 11ኛና 12ኛ የሚያልፈው የተነፋው ብቻ ነው። ያ ፈተና ሲቀር ወንፊቱ ተነሣ። በፊት በ10ኛ ክፍል ከእኛ ዓይን ይሰወር የነበረው ልጅ አሁን እስከ 12ኛ ድረስ አብሮ ይሄዳል፤ ድካሙም በመጨረሻው ቀን በአደባባይ ይታያል። ልጁ በፊትም ነበረ። ያልነበረው የእኛ ማየት ነው።

ሁለተኛው፣ ፈተናው ራሱ ተለውጧል። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ፣ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኩረጃው ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የአደባባይ ምሥጢር ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቹ ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ ነው። ታዲያ የትናንቱን ውጤት ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያኔ ጎበዞች ነበርን፣ አሁን አበላሹን» ማለት፣ በተጭበረበረ ሚዛን የተመዘነ ቡና በእውነተኛው ሚዛን ሲመዘን ቀነሰ ብሎ ገዢውን መክሰስ አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። «የተማሪው ዓይነት ተለውጧል» የሚለው አባባል ሐሰት አይደለም። ተለውጧል። ጥያቄው ግን ማን ለወጠው? የሚለው ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ስሌቱ ግን እውነት ነው።

መቶ ተማሪዎች ያሉበት አንድ ትምህርት ቤት አለ እንበል። ሃያዎቹ እያንዳንዳቸው 70፣ ሰማንያዎቹ እያንዳንዳቸው 40 ያመጣሉ። አማካዩ 46 ነው፤ ከመቶው 20ው አልፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት ከሃያዎቹ ጎበዞች አሥራ አምስቱን ወላጆቻቸው አውጥተው ወደ ግል ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። በቦታቸው አንድም አዲስ ልጅ አልመጣም። የቀሩት ሰማንያ አምስት ልጆች ልክ እንደ አምናው አጠኑ፣ ልክ እንደ አምናው አመጡ። አማካዩ ወደ 42 ገደማ ይወርዳል። ያለፉት ከመቶ 20 የነበሩት ከመቶ 6 ገደማ ይሆናሉ። አንድም መጤ አልገባም፤ አንድም ልጅ አልሰነፈም፤ አንድም መምህር አልደከመም። ትምህርት ቤቱ ግን «ወደቀ» ተብሎ ይወራበታል። ወሬውን የሰማ ሌላ ወላጅ ደግሞ የራሱን ያወጣል።

በእኛ ሰፈር የሆነው አንዱ ነገር ይህ ነው። ማለዳ ዋናው መንገድ ላይ ቆማችሁ የግል ትምህርት ቤት ሚኒባሶችን ቁጠሩ። በውስጣቸው ያሉት የማን ልጆች ናቸው? የእኛው ናቸው። ይህን ስል ጣቴን ወደ ሌላ ሰው ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም። ከወጡት መካከል አንዷ የእኔው የልጅ ልጅ ናት። እናቷ «አባዬ፣ እዚያ ትቆይና ትበላሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከጡረታዬ ቀንሼ ክፍያውን ያገዝኩት እኔ ነኝ። አልጸጸትም አልልም፤ ጥፋት ነው ብዬም አልከሰስም። ማንም ለልጁ ይሻላል ያለውን ያደርጋል። ነገር ግን የራሳችንን አውጥተን ስናበቃ፣ ተመልሰን በበሩ ላይ ቆመን የቀሩትን «እናንተ ናችሁ ያዋረዳችሁን» ማለት ነውር ነው። ይህንን ነውር በማኅበራችን ማኅተም ማጽደቅ ደግሞ የባሰ ነው።

ለመሆኑ መጤው ማነው? እስቲ በእውነት እንነጋገር። በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበን፣ ዕጣ ደርሶን፣ ፍራሽና ድስታችንን በአይሱዙ ጭነን ወደዚህ የመጣን እኛ ነን። እኛ ስንመጣ እዚህ ጤፍና ስንዴ ይዘራ ነበር። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጁን ይኸው አሁን እዚሁ ትምህርት ቤት ይልካል። አያቱ ባረሱት መሬት ላይ በተሠራ ፎቅ የምኖረው እኔ ነባር፤ ከማዶ በጭቃ ቤት የሚኖረው እርሱ መጤ! ይህንን ለልጁ ፊት ለፊት የሚናገር ደፋር አለ?

ሌሎቹስ? ከካዛንቺስና ከፒያሳ አካባቢ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ከተማዋ ዳርቻ የመጡ አሉ። ጓደኞቻቸውን፣ መምህሮቻቸውንና ሰፈራቸውን በዓመቱ አጋማሽ ጥለው ነው የመጡት። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ዘመድ ቤት ለመጠጋት የመጡ አሉ። በየዓመቱ ኪራይ ሲጨመርባቸው ቤት የሚቀይሩ፣ ቤት ሲቀይሩም ትምህርት ቤት የሚቀይሩ አሉ። ኪራዩን የሚጨምረው ማነው? እሱንም ራሳችንን እንጠይቅ። በመጨረሻም ቀን በእኛ ማጀት ሲሠሩ ውለው በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማሩ ልጃገረዶች አሉ። ሳህናችንን ስታጥብ «እንደ ልጃችን ናት» የምንላት ልጅ፣ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ መጤ ትባላለች?

ደግሞም ነገሩ በሕግ ዓይን አይቆምም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል። የካርታ ባለቤት የሆነ ዜጋ አላለም። በተግባርስ ቢሆን? ቤቱን አከራይቶ ከተማ መሐል የሚኖረው ባለ ካርታ ልጁን ቅድሚያ ያስመዘግባል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ የሚኖረው የተከራይ ልጅ ሌላ ወረዳ ይፈልጋል። ስንቶቻችን ነን የባንክ ዕዳችንን ከፍለን ሳንጨርስ «የቤት ባለቤት» የምንባለው? ነገ ወለዱ ቢያስጨንቀንና ብንሸጥስ፣ የእኛ ልጆች መጤ ሊሆኑ ነው?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ወደ ልዩ ክፍሉ። እዚህ ላይ የወረቀቱን አዘጋጆች አንድ ነገር አምንላቸዋለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አንድ ገጽ አንብበው መረዳት የሚቸግራቸው ልጆች መኖራቸው እውነት ነው። የሚያረፍዱ አሉ። የሚረብሹም አሉ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎቹ በአንደኛ ደረጃ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. የተፈተኑት ለምሳሌ በመደበኛው አካሄድ ያኔ 7ኛ ክፍል ነበሩ። ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ያለው ቤት ልጁን እንደምንም አስጠናው፤ የሌለው ቤት ልጅ ያን ጊዜ አጣው። ይህ ክፍተት አለ። መካድ አይጠቅመንም።

ነገር ግን ደካማውን ለብቻ አጉሮ በተለየ ፈረቃ ማስቀመጥ መድኃኒቱ ነው? በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጄምስ ኮልማን የሚባል ምሁር ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት መርቶ ነበር። የወረቀቱ አዘጋጆች ቢያውቁት ይደሰቱበታል፤ ምክንያቱም ለልጅ ውጤት የቤተሰቡ ኑሮ ከባድ ክብደት እንዳለው አሳይቷል። የቀረውን ግን አብረው ያንብቡ። የክፍል ጓደኞቹ ማንነትም ክብደት እንዳለው፣ በተለይ ድጋፍ ከሌለው ቤት የመጣ ልጅ የተሻለ ዝግጅት ካላቸው ልጆች ጋር ሲማር እንደሚጠቀም ያው ጥናት አመልክቷል። ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ከጎበዝ አጠገብ የተቀመጠ ሰነፍ ቢያንስ ደብተር ማየት ይማራል። ሰነፍ ከሰነፍ ጋር ብቻ ሲቀመጥ የሚማረው ተስፋ መቁረጥ ነው። ልዩ ክፍል ተብሎ የሚለጠፈው ታፔላም በልጁ ግንባር ላይ ይቀራል። ደካማው ይታገዝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ደካማው ከዓይናችን ይራቅ ማለት ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ የሚለው ሁለተኛውን ነው።

«ታዲያ ምክንያቱ ምንድነው?» ትሉኝ ይሆናል። ከወሬ ይልቅ ማየት ይሻላል ብዬ፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ባለፈው ወር አንድ ሙሉ ቀን ግቢው ውስጥ ዋልኩ። ያየሁትን ልናገር።

ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው የአንድ ክፍል የተማሪ ቁጥር 40 ነው። እኔ ያየሁት ግን በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት ሆነው ክንዳቸው እየተጋጨ ሲጽፉ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ ለሁሉም አልደረሰም፤ ስልክ ያለው በስልኩ ያነብባል፣ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ትከሻ ላይ ያያል። ቤተ ሙከራው ተቆልፏል፤ በመስኮቱ ሳይ ዕቃው ከነካርቶኑ አቧራ ለብሷል። አንድ የፊዚክስ መምህር ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የሚመጣው፤ ሰልፉ ሲረዝምበት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ምሳ ሰዓት ነው። በ2012 ዓ.ም. የጀመረው የከተማው የተማሪዎች ምገባ ለአጸደ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ነበር የታሰበው፤ መልካም ሥራ ነው። የእኛው ሁለተኛ ደረጃ ግቢ ውስጥ ግን ምገባ የለም። እዚህ የደረሰ ልጅ ሆዱ አብሮት የደረሰ አይመስለን ይሆን? ምሳ ዕቃ የያዙት ሲበሉ፣ ያልያዙት ከክፍሉ ጀርባ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱን ልጅ «ምነው አትበላም?» ብለው «ጾም ነኝ» አለኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የጾም ወቅትም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ነበረባቸው። ያ ልጅ በሒሳቡ ቢተኛ መሠረት የሌለው ይባላል? መሠረቱስ ቁርስ አይደለም እንዴ?

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ችግሮች መካከል የቤት ካርታ በመጠየቅ የሚቃለል አንድ እንኳ ካለ ይነገረኝ። ዴስክ አይጨምርም። መጽሐፍ አያመጣም። ቤተ ሙከራ አይከፍትም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ አቤት ማለት ያለብንን ትተን አቤት በማይሉት ላይ እንድንነሣ ነው። የተጓደለውን የማሟላት ኃላፊነት ያለበት ጽሕፈት ቤትም «ነዋሪው ራሱ ችግሩ ተማሪው ነው ብሏል» ብሎ ፊርማችንን እንደ ደረሰኝ ያሳየናል።

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ከማኅበራችን አባላት ስንት ሰው ተገኘ? በጣት የምንቆጠር ነበርን። አብዛኞቹ የተገኙት እነዚያው መጤ የምንላቸው እናቶች ናቸው። አንዷ የሻይ ቴርሞሷንና የብርጭቆ ቅርጫቷን ይዛ ነው የገባችው፤ ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ሥራዋ ልትሄድ። ወረቀቱን ከፈረሙት ውስጥ እዚያ የነበረ አንድ ሰው አላየሁም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ወጣት ጸሐፊ ነበርኩ። ያ ዘመን ብዙ መከራ የነበረበት መሆኑን አልረሳሁም፤ ላስውበውም አልፈልግም። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ከሥራ በኋላ በቀበሌ አዳራሽ ፋኖስ እያበራን ፊደል ስናስቆጥር፣ ከፊታችን የሚቀመጡት እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ዘበኞችና ሸክም ተሸካሚዎች ነበሩ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሽልማት የታወቀለት እነርሱ ፊደል ስለ ቆጠሩ ነው። ከየት መጣችሁ ብለን በር ላይ ብንመልሳቸው ኖሮ ማንን እናስተምር ነበር?

ተቃውሞ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። እሑድ በወረቀቱ ፈንታ የሚከተለው ለድምፅ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፦

፩ኛ/ የማኅበሩ አዳራሽ በሳምንት አምስት ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ለተማሪዎች ማጥኛ ይከፈት። መብራቱ አለ፤ ወንበሩ አለ፤ ለሠርግ ሲከራይ ብቻ ነው የሚበራው። ሒሳብና እንግሊዝኛ ለማስረዳት ፈቃደኛ የሆኑ ጡረተኞችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመዝገቡ። የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን።

፪ኛ/ በየቤታችን ያሉ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ተሰብስበው፣ የጎደሉትም ታትመው በአዳራሹ ይቀመጡ።

፫ኛ/ ከወርሃዊ መዋጮአችን ላይ ጥቂት ተቀንሶ ለምሳ ሰዓት ዳቦ ይቀርብ። ማን እንደሚወስድ ርዕሰ መምህሩ ብቻ ይወቅ፤ ልጅ በዳቦ አይዋረድ።

፬ኛ/ ለወረዳው አቤቱታ ይጻፍ፤ ግን ስለ ዴስክ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቤተ ሙከራና ስለ መምህራን ትራንስፖርት ይሁን። የሁላችንም ፊርማ ይኑርበት፤ የተከራዮችም ጭምር።

፭ኛ/ ውጤት ሲወጣ ስንት አለፉ ብቻ ሳይባል፣ ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ከነበሩበት ምን ያህል እንደ ተሻሻሉ ትምህርት ቤቱ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍልን ይጠየቅ። ሳያዩ መፍረድ ያን ጊዜ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ቢደረግ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሹ ልጅ ያልፋል ብዬ አልዋሽም። ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ጉድለት በአንድ ክረምት አይሞላም። ቢያንስ ግን ሒሳቡን ከትክክለኛው መስመር እንጀምረዋለን።

የፈረማችሁ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ፊርማ ይነሣል። ማኅበራችን የተቋቋመው በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ፣ ከአንድ ቦቴ ውሃ የምንቀዳ ሰዎች ስለሆንን ነው። ውሃ ሲጠፋ ተከራይና ባለቤት ተብለን ተሰልፈን አናውቅም። በትምህርት ቤት በርም እንዲህ ተብለን አንሰለፍ።

እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዳራሹ እንገናኝ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ በእነርሱ ስም የምንወስነውን ይስሙ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ